የትኛው ወንዝ ዳር እንውረድ? ገደልና ደን ላላቸው የእግር መንገዶች የንጽጽር መመሪያ

ተራራ የሚወጣ ሰው ጉልበቱን መጀመሪያ ይከፍላል፤ ገደል የሚወርድ ሰው ግን ዕዳው የሚጠብቀው ሲመለስ ነው። ይህን የተማርኩት ከዓመታት በፊት አክስቴን ይዤ ደብረ ሊባኖስ የሄድኩ ዕለት ነው። ጠዋት ነጠላቸውን አደግድገው፣ ምርኩዛቸውን እያነሡ፣ ከእኔ ቀድመው ቁልቁለቱን ወረዱ። ድልድዩን ስናይ እዚያው ማብቃት ነበረብን፤ እኔ ግን «ትንሽ ወረድ ብንል ገደሉ የበለጠ ይታያል» ብዬ ወሰድኳቸው። ከሰዓት በኋላ ዳገቱ መሃል ላይ አንድ ድንጋይ አገኙና ተቀመጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ዝም ብለው ቆይተው፣ «ልጄ፣ ስለ ወንዙ ስትነግረኝ ሰነበትህ፤ ስለዚህ ዳገት የምትነግረኝ መቼ ነበር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ሰው «ወንዝ ዳር፣ ደን ያለበት፣ በእግር የሚኬድበት ጥሩ ቦታ የት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ የቦታ ስም ከመጥራቴ በፊት እኔም እጠይቃለሁ። በየትኛው ወር ነው የምትሄደው? ከማን ጋር? የምትፈልገው ውሃውን ነው፣ ጥላውን ነው ወይስ ከላይ ሆኖ ማየትን? እነዚህ ሳይመለሱ ቦታ የመረጠ ሰው ብዙ ጊዜ ታዋቂውን ይመርጣል፤ ታዋቂው ቦታ ደግሞ በተሳሳተ ወር ሲደርሱበት ደረቅ ገደልና ፀሐይ ብቻ ይሆናል።

ሀገራችን የገደል ሀገር ናት። ወንዞቻችን ከደጋ ተነሥተው ቆላ ለመድረስ አምባውን እየቆረሱ ይወርዳሉ፤ ስለዚህ ወንዝ ዳር መድረስ ማለት ብዙውን ጊዜ መውረድ ማለት ነው። በእነዚህ ገደሎች ውስጥ ደን የቀረው በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ ቁልቁለቱ ለማረሻ አይመችም፣ ወይ ደግሞ ቦታውን የሚያከብርና የሚጠብቅ ሰው አለ። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸውን ቦታዎች ስታነቡ ይህን ልብ በሉ፤ ጥላ የምታገኙት የት እንደሆነ አስቀድሞ ይነግራችኋል።

ወሩን መጀመሪያ ምረጡ

በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘልቃል። በሐምሌና በነሐሴ ወንዞቹ ደለል ተሸክመው፣ ቡናማ ሆነው ይወርዳሉ። ፏፏቴው የሚያምረው ያኔ ነው፤ መንገዱ ግን ጭቃ ነው፤ ገደል አፋፍ ላይ የተረገጠ ጭቃ ቀልድ አያውቅም። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ዝናቡ ያባራል፣ መሬቱ ይጠናል፣ ወንዙ ግን ገና አልጎደለም። አደይ አበባው ደግሞ አለ። በእኔ ግምት ለደጋ ወንዞች ከዓመቱ ሁሉ የሚሻለው ይህ ጊዜ ነው። ከጥር በኋላ ብዙዎቹ ጅረቶች ይቀጥናሉ፤ ያን ጊዜ የሚሄድ ሰው ለገደሉና ለእንስሳቱ እንጂ ለውሃው አይሂድ።

አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። ውሃው ጥሩ የሆነበት ይኸው ጊዜ በቆላና በወይና ደጋ ሸለቆዎች የወባ ወቅት ነው። ከክረምቱ ማግሥት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ትንኙ ይበዛል። ደብረ ሊባኖስ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚያ አፋፍ ላይ ለሚውል ሰው ይህ ብዙም አያሳስብም። በጢስ ዓባይ፣ በአዋሽ፣ በሶፍ ዑመርና በአርባ ምንጭ ግን ያሳስባል። እዚያ የምታድሩ ከሆነ አጎበር ያለበት ክፍል ጠይቁ፤ ከሐኪም ጋርም ሳትነጋገሩ አትሂዱ።

ስለ ደራሽ ውሃ ደግሞ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። እናንተ ያላችሁበት ሸለቆ ፀሐይ ሆኖ ሳለ ከላይ ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ ወንዙን ድንገት ሊያስነሣው ይችላል። ውሃው ከጠራ ወደ ደፈረሰ ከተለወጠ፣ ቅጠልና ጭራሮ መሸከም ከጀመረ፣ ወይም ድምፁ ከበድ ካለ ፎቶግራፍ አታንሡ፤ ከፍ ወዳለው ዳር ውጡ። የአካባቢው እረኛ «ዛሬ አትሻገሩ» ካላችሁም አትሻገሩ። ወንዙን ከማናችንም በላይ ያውቀዋል።

ደብረ ሊባኖስ፦ ገደሉ ከላይ፣ ደኑ ከገዳሙ

ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ተነሥቶ ማታ ቤት መግባት ለሚፈልግ የከተማ ሰው ከዚህ የሚቀርብ ሁነኛ ገደል የለም። ገዳሙን በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ መጀመሪያ ደብረ አስቦ ይባል ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ የተባለው በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ነው።

እዚህ የሚደረገው የእግር ጉዞ በሁለት ይከፈላል፤ ብዙ ሰው አንዱን ብቻ አይቶ ይመለሳል። የመጀመሪያው ከዋናው መንገድ አጠገብ ወደ ድንጋዩ ድልድይ የሚወርደው ነው። ሰው ሁሉ «የፖርቱጋሎች ድልድይ» ይለዋል፤ ሆኖም ያሠሩት የዳግማዊ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ናቸው፤ ጊዜውም የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ድንጋዩን ያያያዘው ኖራ ከሰጎን እንቁላል ጋር የተቦካ ነው የሚል ወግ አስጎብኚዎቹ ይነግሯችኋል፤ ወጉ ደስ ይላል፤ አዳምጡት። ወንዙ በድልድዩ ሥር አልፎ፣ ጥቂት ሄዶ፣ ወደ ገደሉ ይወረወራል። ከዚያ ውሃው ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ ነው መንገዱ። በመስከረም ድልድዩ ላይ ቆሞ ያንን ውሃ ከእግር ሥር ሲጠፋ ማየት ልብን ያነሣል። በሚያዝያ ብትሄዱ ግን ያው ድልድይ እምብዛም ውሃ በሌለው ድንጋይ ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው በገዳሙ ዙሪያ ያለው ነው። ሜዳው ላይ የሚታረሰው መሬት ሲያበቃ ገዳሙ ያለበት እርከን ላይ ወይራና ጥድ ይጀምራሉ። የቀሩት የገዳሙ ዛፎች ስለሆኑ ነው፤ አንድ ሰው ምሳር ይዞ እዚያ ቢገባ መነኮሳቱ ዝም አይሉትም። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የጸለዩበት ዋሻና ጸበል አለ፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው፤ ነገር ግን ጥላ አለው፣ ሰውም አይለየውም።

ጭላዳዎቹን ማየት የምትፈልጉ ከሆነ በጠዋት ድረሱ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር የለም። ሌሊቱን ገደሉ ላይ ተንጠላጥሎ ያድራል፣ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ አፋፉ ወጥቶ ሣር ይግጣል፣ ሲመሽ ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የደረሰ ሰው መንጋውን በቅርብ የማየት ዕድሉ ትልቅ ነው። ዳቦ አትስጧቸው። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ዝንጀሮ በኋላ የገበሬ ማሳ ውስጥ ገብቶ የሚደበደበው እሱ ነው። ቀና ብላችሁ ደግሞ ሰማዩን እዩ፤ አጥንት ከከፍታ ጥሎ ሰብሮ የሚበላው ትልቁ አሞራ በዚህ ገደል ላይ ያንዣብባል።

የዚህን ስፍራ ሌላ ታሪክ ሳያውቁ መውረድ አይገባም ብዬ አምናለሁ። በግንቦት 1929 ዓ.ም.፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል በሚከበርበት ሰሞን፣ በግራዚያኒ ትእዛዝ የፋሺስት ጦር በመቶዎች የሚቆጠሩ መነኮሳትንና ዲያቆናትን እዚህ አካባቢ ረሽኗል። ከገደሉ ውበት ጋር ይህንንም ይዛችሁ ተራመዱ። ግንቦት 12 እና ነሐሴ 24 ምእመናን ከየአቅጣጫው ይጎርፋሉ፤ ለጸጥታና ለጭላዳ የሚሄድ ሰው እነዚህን ቀኖች ይተው፤ በዓሉን ማክበር የሚፈልግ ግን ከእነዚህ የሚበልጥ ቀን አያገኝም።

ጉድለቱ ምንድን ነው? ወንዙን ተከትሎ ለረጅም ጊዜ መሄድ አይቻልም። ወንዙ ለመዝለል ይቸኩላል፤ እናንተ ደግሞ አትከተሉትም። ደብረ ሊባኖስ ገደልን ከላይ የምታዩበት ቦታ ነው። ወደ ታች የሚወርድ የእግር መንገድ ቢኖርም የአካባቢው ሰው የሚሄድበት ቀጭን መንገድ ነው፤ ጉልበት ላለውና መሪ ለያዘ ብቻ። አዛውንት ወይም ሕፃን ከያዛችሁ ድልድዩ ላይ አብቁ። እኔ ያላደረግሁት ይህንኑ ነው።

ጢስ ዓባይ፦ ውሃው ካለ አቻ የለውም

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለመንገደኛ ከሁሉም የተሟላው ዙር ይህ ነው የምለው መሄጃውና መመለሻው ስለሚለያይ ነው። ከትንሿ ከተማ ተነሥታችሁ ወደ አላታ ድልድይ ትወርዳላችሁ። ድልድዩ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ ነው። ዓባይ እዚህ ጋ ጠቦ፣ በጥቁር ድንጋይ መሃል ተጨምቆ ያልፋል። ያን ሁሉ ሀገር የሚያጠጣ ወንዝ በዚህች ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ሲያልፍ ስታዩ ትገረማላችሁ። ከድልድዩ በኋላ አጭር ዳገት፣ ከዚያም ፏፏቴው ከፊት ለፊት። ቀጥሎ በገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ አለ፤ በመጨረሻም ከፏፏቴው በላይ፣ ወንዙ ሰፍቶና ረግቶ በሚተኛበት ቦታ፣ በጀልባ ተሻግራችሁ በሜዳ ትመለሳላችሁ። ሳይቸኩሉ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይወስዳል።

ዙሩን በዚህ አቅጣጫ ጀምሩት። ዳገቱ ገና ብርታት ሳላችሁ ያልፋል፤ ሲደክማችሁ የሚጠብቃችሁ ጀልባና ሜዳ ይሆናል። ደብረ ሊባኖስ ላይ አክስቴን ያደከመው ነገር እዚህ የለም፤ ለጉልበት ይህን ያህል የሚያዝን ሌላ የገደል መንገድ አላውቅም። ወንዙ እጅግ በሞላበት ጊዜ ጀልባው ላይሠራ ስለሚችል ግን ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ አለበለዚያ ዙሩን ግማሽ ላይ ትታችሁ በመጣችሁበት ትመለሳላችሁ።

አሁን ስለ ውሃው። ፏፏቴው ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። አሮጌውን የአንድ ብር ኖት የያዘ ሁሉ ምስሉን ያውቀዋል። ነገር ግን ይህ ምስል ዓመቱን ሙሉ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያው፣ በ2001 ደግሞ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ከፏፏቴው በላይ ውሃውን ወሰዱ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ፕሮጀክት ደግሞ የጣናን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ አዞረው። መብራት ያስፈልገናል፤ ይህን አልቃወምም። ግን ከሩቅ የመጣ ሰው በመጋቢት ያንን ሰፊ ገደል ቀጭን ክር የመሰለ ውሃ ሲወርድበት አይቶ ሲያዝን አይቻለሁና ልነግራችሁ ይገባል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት እዚያ ቆመው ሲያስታውሱት ያማል። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ሂዱ። ከዚያ ውጪ ከሆነ ከባሕር ዳር ስትነሡ ውሃው እንዴት እንደሆነ የቅርብ ጊዜ መረጃ ጠይቁ።

ደንን በሚመለከት ከደብረ ሊባኖስ ያንሳል። ፏፏቴው የሚረጨው ጢስ በአቅራቢያው ያለውን ምድር አረንጓዴ አድርጎ ያኖረዋል፤ በወንዙ ዳርም ሾላና ሌሎች ዛፎች አሉ። አብዛኛው መንገድ ግን በማሳና በመንደር መሃል ነው የሚያልፈው። ይህ ለእኔ ጉድለት አይደለም፤ ሴቶቹ ከገበያ ሲመለሱ፣ ልጆቹ ከብት ሲያጠጡ አብሮ መሄድ የራሱ ጣዕም አለው። ጥላ ፈልጋችሁ ከሆነ ግን ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ጨርሱ፤ ቀትር ላይ ፀሐዩ ይበረታል። ከፏፏቴው ሥር እግራችሁን ውሃ ውስጥ ለመንከር አትቸኩሉ፤ በጣና አካባቢ ቢልሃርዚያ አለ።

ሶፍ ዑመር፦ ወንዙ ራሱ ድንጋይ ውስጥ የሚገባበት

ባሌ ውስጥ ነው፤ ከሮቤ ወደ ምሥራቅ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ። ሩቅ ነው፤ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚታሰብ አይደለም። ሆኖም ከዘረዘርኳቸው ሁሉ የቀረኝ ምርጫ አንድ ብቻ ቢሆን ይህን እመርጥ ነበር።

የዌብ ወንዝ ከባሌ ተራሮች ተነሥቶ ወደ ቆላው ሲወርድ የኖራ ድንጋይ ያገኛል። ውሃ የኖራ ድንጋይን ያሟሟል፤ ወንዙም ዘመናት ፈጅቶ ድንጋዩን በልቶ መንገድ አበጀ። ዛሬ ግራርና ሾላ ካለበት ገደል ውስጥ እየመጣ በዋሻው አፍ ይገባና ከተራራው ማዶ ይወጣል። የዋሻው መተላለፊያዎች በአንድነት ከ15 ኪሎ ሜትር ይበልጣሉ፤ በኢትዮጵያ ከሚታወቁት ዋሻዎች ረጅሙ ነው። ውስጡ ስትገቡ ጣሪያውን የተሸከሙ የድንጋይ ምሰሶዎች ያሉበት አዳራሽ አለ። ሰው የጠረበው ይመስላል፤ ያበጀው ግን ውሃው ብቻ ነው።

ቦታው ስሙን ያገኘው ከሼክ ሶፍ ዑመር ነው። ሙስሊም ምእመናን እስከ ዛሬ የሚሳለሙት ቅዱስ ስፍራ ስለሆነ ወደ አንድ መስጊድ እንደምትገቡ አስባችሁ ግቡ፤ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ልብሳችሁን አስተካክሉ፣ ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ። በደብረ ሊባኖስ ደኑን መነኮሳቱ እንደጠበቁት፣ ይህንንም ስፍራ ያቆየው የሰዎቹ አክብሮት ነው።

ወሩ እዚህ ከሌሎቹ ይለያል፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም በዚህ ነው። በአካባቢው ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ከመጋቢት ጀምሮ፣ ሌላው በመስከረምና በጥቅምት። ላይኛው ባሌ ላይ ደግሞ በክረምትም ይዘንባል። ለጢስ ዓባይ ምርጥ የሆነው ወር ለሶፍ ዑመር መጥፎ ነው ማለት ነው። ዋሻውን ለማለፍ ወንዙን ከአንድ ጊዜ በላይ በእግር መሻገር ያስፈልጋል፤ ውሃው ሲሞላ ይህ አይቻልም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ የእጅ ባትሪ፣ ለመጠባበቂያም አንድ ተጨማሪ ያዙ። የስልክ መብራት አይበቃም። የአካባቢው መሪ ሳይዝ የሚገባ ሰው ግን በገዛ ነፍሱ ላይ እየፈረደ ነው፤ መተላለፊያዎቹ ይመሳሰላሉ፣ ቅርንጫፋቸውም ብዙ ነው።

ከሌሎቹ የሚበልጥበትን ልንገራችሁ። በደብረ ሊባኖስ ወንዙን ከላይ ታያላችሁ፤ በጢስ ዓባይ ፊት ለፊት ትቆማላችሁ፤ እዚህ ግን አብራችሁት ትሄዳላችሁ። ብርሃኑ ከኋላችሁ እየጠበበ ሄዶ ሲጠፋ የምትሰሙት የራሳችሁን እግርና የወንዙን ድምፅ ነው። ከዚያ ከፊት ለፊት ትንሽ አረንጓዴ ነገር ታያላችሁ፤ ማዶ ያሉት ዛፎች ናቸው። ጨለማ ለሚፈራ ወይም ጠባብ ቦታ ለሚያስጨንቀው ሰው ግን አይሆንም፤ እንዲህ ያለውን ሰው አታስገድዱት፤ ገደሉ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቢጠብቃችሁ አይከፋውም።

አዋሽ በአጭሩ

አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተ ነው። መንገዱ ምቹ ነው፤ ፏፏቴውም ለእንግዳ ማረፊያው ቅርብ ነው። ከፏፏቴው በታች ወንዙ ጥልቅ ገደል ውስጥ ይገባል፤ በዳሩ ያለው ደን ከዙሪያው ደረቅ የግራር ሜዳ ጋር ሲተያይ እንደ አረንጓዴ መቀነት ነው። ጦጣ ይበዛበታል፤ በፓርኩ ከ400 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል። ወፍ የሚወድ ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ እዚህ ይምጣ።

እንደ እግር ጉዞ ግን አዋሽን ከመጨረሻው ነው የማስቀምጠው። ወንዙ ውስጥ አዞ አለ፤ ስለዚህ ወንዝ ዳር እንዳሻችሁ አትሄዱም፤ ከፓርኩ ጠባቂ ጋር፣ እሱ ባለው መንገድ ብቻ። ሙቀቱም ከባድ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ማለዳ ላይ፣ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ከተራመዳችሁ ይበቃል፤ ቀሪውን ከአፋፉ ላይ ተቀምጣችሁ ወደ ታች እዩ። አዋሽ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው፤ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ይህን አስቦ የሚያየው ሰው ያን ቡናማ ውሃ በሌላ ዓይን ያየዋል።

ገደል ለማይችል ጉልበት

አንዳንዱ ሰው የሚፈልገው ወንዝና ደን ነው፤ ቁልቁለቱን አይደለም። ለእናት፣ ለአባት፣ ጉልበቱን ለሚያመው ወንድም፣ ለአራት ዓመት ልጅ ገደል መምረጥ ስሕተት ነው። ሁለት ቦታ ልጠቁም።

አርባ ምንጭ ከተማዋ ስሟን ያገኘችበት ምንጭ በገደሉ ግርጌ፣ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ይፈልቃል። ደኑን የሚያጠጣው ከመሬት ሥር የሚወጣው ውሃ ስለሆነ በበጋም አይደርቅም፤ በደረቅ ወር የሚሄድ ሰው ሌላው ሁሉ ሲከዳው ይህ አይከዳውም። የኩልፎ ወንዝ በአጠገቡ ያልፋል። ዛፎቹ ግዙፍ ናቸው፣ ጉሬዛ ከላያቸው ይዘላል። ከከተማው ወደ ምንጩ ሲወርዱ ቁልቁለት ቢኖርም ታች ያለው መንገድ ሜዳ ነው። ከአዲስ አበባ ሩቅ ነው፤ አውሮፕላን ግን አለ።

ሁለተኛው መናገሻ ሱባ ነው፤ በወጨጫ ተራራ ላይ፣ ለአዲስ አበባ በጣም ቅርብ። የሚባለው እንዲህ ነው፦ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሸዋው ወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉ። ጥድ፣ ዝግባና ወይራ አብረው ያደጉበት፣ ጥላው ቀትር ላይ እንኳ የማይለቅ ደን ነው። ጅረቶች አሉት፤ ትልቅ ወንዝ የለውም። ውሃን ትቼ ደንን ብቻ ብመዝን ኖሮ ከሁሉም በፊት እሱን አስቀምጥ ነበር።

እንግዲህ ማን የት ይሂድ

አንድ ቀን ብቻ ላለው የአዲስ አበባ ሰው፣ ወሩ መስከረም ወይም ጥቅምት ከሆነ፣ ደብረ ሊባኖስ። ወሩ ከጥር በኋላ ከሆነ መናገሻ ሱባ፤ ጭላዳ ለማየት ከሆነ ብቻ ደብረ ሊባኖስ።

ከውጭ ሀገር ለዕረፍት የመጣችሁ ብዙዎቻችሁ የምትመጡት በገና ወይም በጥምቀት ሰሞን ነው፤ ልጆቻችሁንም ጢስ ዓባይን ለማሳየት ትጓጓላችሁ። በዚያ ወር ውሃው እንደ ፎቶግራፉ ላይሆን እንደሚችል አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ዙሩ ራሱ፣ ድልድዩና ጀልባው፣ ያኔም ደስ ያሰኛል። ልጆቹ አሥራ ሁለት ዓመት ካለፋቸውና የማይፈሩ ከሆነ ግን ታኅሣሥና ጥር የሶፍ ዑመር ወር ነው፤ ወደ ባሌ ውሰዷቸው።

በእግሩ ለሚተማመን፣ ሁለትና ሦስት ቀን ላለው፣ በደረቅ ወር ሶፍ ዑመር፣ በጥቅምት ጢስ ዓባይ። ለአዛውንቶች አርባ ምንጭ።

ከሁሉም በፊት ግን የመንገዱን ሰላም አረጋግጡ። ይህ ከወር ወር የሚለዋወጥ ነገር ስለሆነ በመመሪያ ላይ የሚጻፍ መልስ የለውም። በዚያው ሳምንት መንገዱን የሄደ ሹፌር ወይም እዚያ የሚኖር ዘመድ ጠይቁ፤ መልሱ ካላማረ ቦታው ይቆያችኋል።

የመሪውን፣ የመግቢያውንና የጀልባውን ክፍያ ሳትነሡ በፊት በአንድ ላይ ጠይቁ። ከመንደሩ መሪ መቅጠርን እንደ ወጪ አትቁጠሩት። ደኑ ለመንደሩ ልጅ እንጀራ ከሆነው ለማገዶ አይቆርጠውም፤ ይህን በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው።

ስንቁ ቀላል ይሁን፦ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ውሃ። ሶሉ የሚይዝ ጫማ አድርጉ፤ ላስቲክ ጫማ እርጥብ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል። ወደ ገዳም ለምትሄዱ ሴቶች ረዘም ያለ ቀሚስና ነጠላ። ሁለት ሰዓት ከወረዳችሁ ለመውጣት ሦስት ወይም አራት ሰዓት ያዙ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ሳያልፍም ፊታችሁን ወደ ዳገቱ አዙሩ። እና ምርኩዝ ያዙ፣ ወጣት ብትሆኑም። አክስቴ ያን ዕለት የራሳቸውን ለእኔ ሰጥተውኝ በእኔ ትከሻ ተደግፈው ነው የወጡት፤ ምርኩዙ አሁንም ቤቴ በር ኋላ ቆሟል፣ ወንዝ ዳር በሄድኩ ቁጥር ይዤው እወጣለሁ።